«ደመና ነው» አለችኝ

ሐምሌ 14

ቴሌስኮፑ ዛሬ ከቀትር በኋላ ደባርቅ ገባ። ከጎንደር ሲሚንቶ ጭኖ የመጣ ሾፌር ካርቶኑን ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ አመጣልኝ።

የላከው ኦምሪ ነው፤ የገዱ ልጅ። ገዱ እዚህ አብሮኝ የተማረ የዳባት ልጅ ነበር። ቤተ እስራኤል ናቸውና ከቤተሰቡ ጋር ወደ እስራኤል ከሄደ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ኦምሪ የተወለደው እዚያ ነው። አማርኛውን ከእናቱ ነው የተማረው፤ አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም። ዓምና በስልክ «ጋሼ ይግዛው፣ ጡረታ ወጥተህ ምን ትሠራለህ?» ሲለኝ «ሰማይ አያለሁ» አልኩት። ቀልዴን ነበር። እሱ ግን ማታ ማታ ሰማይ ሲመለከት የሚያመሽ ሰው ነውና የምሬን መሰለው።

ጥቁር ቱቦ ነው፤ ውስጡ መስታወት አለው። ባለ ሦስት እግር ማቆሚያና ሁለት ትንንሽ ሌንሶች አብረው መጥተዋል። ጳጉሜ 2 እሑድ ማታ ጨረቃ ሙሉ በሙሉ ትጋረዳለች። እንደ ኦምሪ አባባል ከደጃፌ ሳልንቀሳቀስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ማየት እችላለሁ። እስከዚያ መልመድ ነው።

ዝናብ። ከመጋረጃው ወዲያ ምንም አይታይም።

ባለቤቴ የትናየት ለዘመን መለወጫ ቤቱን ኖራ እናስቀባ አለች። ቤቱ የአባቴ ነው። ከጓዳው በር እስከ ደጁ ድረስ በግድግዳው ላይ፣ በወገብ ከፍታ፣ የሚያብለጨልጭ መስመር አለ። አባቴ በመጨረሻ ዘመናቸው በመዳፋቸው እየዳሰሱ የሚሄዱበት ነው። ይቆይ አልኳት።

ሐምሌ 15

ደመና።

ሐምሌ 16

ደመና። ማታ በረዶ ጣለ።

ሐምሌ 19

ያርጋል መጣ። የቀበሌው ጸጥታ ነው፤ አባቱን አውቃቸው ነበር። ቱቦውን ዞር ዞር ብሎ አየው፤ በጣቱ አንኳኳው፤ አፉ ላይ ጎንበስ ብሎ ውስጡን ተመለከተ።

«ምን ያዩበታል ጋሼ?»

«ጨረቃ።»

«ጨረቃን ያለዚህ አያይዋትም?»

የትናየት ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ትንሽ ዘግይቼ።

«ከግቢ እንዳይወጣ» አለ ሲሄድ። «ጊዜው ጥሩ አይደለም። ቱቦ ነገር በጨለማ ሲያዩ ሰዎች ይደነግጣሉ። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ እርስዎም እንዳይወጡ።»

ሐምሌ 25

ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማዩ ተከፈተ። ግማሽ ጨረቃ ነበረች። መብራት አጥፍተን ቱቦውን ግቢው ውስጥ ተከልን። ጨረቃዋን ቱቦው ውስጥ ለማግባት ብቻ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ትንሽ ሲነኩት ትሸሻለች። በመጨረሻ ገባች።

ያየሁትን ልጻፍ። ጠርዟ የማይለይ ነጭ ነገር። በዙሪያዋ ቀለበት፤ ከውስጥ ሰማያዊ፣ ከውጭ ቀይ። ጉድጓድ የለ፣ ተራራ የለ። መመሪያው ላይ ያለው ሥዕል ሌላ ነው።

የትናየትን ጠራኋት። ዓይኗን ሌንሱ ላይ አድርጋ ቆየች። ደመና የሚያይ ሰው ያን ያህል አይቆይም ብዬ አሰብኩ።

«እ?»

«ደመና ነው» አለች።

ደስ አለኝ። እንዲህ ያለ ነገር ደስ ሊለኝ አይገባም ነበር፤ ግን ደስ አለኝ። ስስ ደመና ጨረቃን እንዲህ ቀለበት ያለብሳታል፤ ይህን ልጅ ሆኜም አውቃለሁ።

ከቀኝ ቅንድቤ በላይ ያመኛል። የትናየት ምች ነው ብላ ዳማከሴ ጨምቃ አሸችኝ።

ሐምሌ 27

ስህተት ሠራሁ። ችግሩ መስታወቱ ላይ ያለ አቧራ ነው ብዬ የቱቦውን ታች ፈትቼ በጋቢዬ ጫፍ ወለወልኩት። ኔትወርክ ሲመጣ ለኦምሪ ነገርኩት። «ጋሼ! መስታወቱ በጨርቅ አይነካም! በፍጹም!» ብሎ በድምፅ መልእክት ጮኸብኝ፤ ከዚያ ሌላ መልእክት ልኮ ይቅርታ ጠየቀ። መስታወቱን በቀን ብርሃን አየሁት። የጭረት ምልክት አላገኘሁበትም። ሊኖር ግን ይችላል። ኖሮም ላላየው እችላለሁ።

ይህን የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ለምን እንደጻፍኩት አላውቅም። ይቆይ።

ነሐሴ 2

ሃና ከአዲስ አበባ ደወለች። እስከ ጡረታ የሠራሁበት ጋዜጣ አሁንም አንዳንድ ገጾችን ለእርማት በስልክ ይልክልኛል፤ እኔ እዚያ ሳለሁ ወጣት ጋዜጠኛ የነበረችው ሃና አሁን አዘጋጅ ናት።

«ጋሼ፣ አንዱ ቃል ሁለት ጊዜ ታትሞ ወጣ። ርዕስ ላይ እኮ ነው!»

«እኔ ያየሁት ገጽ ነው?»

«እርስዎ ያዩት ነው። ደክሞዎት ይሆናል።»

ማታ ነበር ያነበብኩት። የስልኩ ብርሃን ነው። ከዛሬ ጀምሮ በቀን ብቻ አነባለሁ።

ነሐሴ 6

ኦምሪ ዛሬ ንጋት ላይ የአጥቢያ ኮከብና ጁፒተር ተጠጋግተው ይወጣሉ ብሎኝ ነበር። ከእንቅልፌ እንደነቃሁ ወጣሁ። ሁለት ብርሃን፣ ጎን ለጎን፣ ጥርት ብለው። ቀለበት የላቸውም። ራስ ምታት የለም።

ዓይኔ ደህና ነው። የማታው አየር ነው የሚያስቸግረው።

ነሐሴ 10

መንገዱ ከዳባት ወዲያ ተዘጋ። ከጎንደር የሚመጣ መኪና የለም። ኢንተርኔትም ጠፋ፤ ስልክ ብቻ ይሠራል። ገበያ ላይ አንዱ «አንድ ሚኒባስ ተቃጥሏል» ሲል ሰማሁ፤ ሌላው «ሁለት ናቸው፣ ሰውም ወስደዋል» አለ። ማን እንዳየ ጠየቅሁ። ያየ አልነበረም። ሁለቱም ግን ፈርተዋል።

ማታ ደመና።

ነሐሴ 12፣ ማታ

የቡሄ ዋዜማ ነው። ልጆቹ ደጃችን ላይ ችቦ ለኩሰው ጨፈሩ። የትናየት ሙልሙል ይዛ ወጣች።

በእያንዳንዱ ችቦ ዙሪያ ቀለበት ነበር። ከውስጥ ሰማያዊ፣ ከውጭ ቀይ።

በችቦና በእኔ መካከል ደመና አልነበረም።

ጭስ ነው። የችቦ ጭስ።

ወደ ቤት ስመለስ ራሴን አመመኝ። ደጁ ጨለማ ስለነበር ግድግዳውን ይዤ ነው የገባሁት። እጄ ያረፈበትን ቦታ ያወቅሁት ከገባሁ በኋላ ነው፤ ለስላሳ ነበር።

ነሐሴ 13

አባቴ ሲመሽ «ጉም ገባ» ይሉ ነበር። ደባርቅ ጉም ብርቅ አይደለምና ማንም አልጠየቃቸውም። እናቴ ተነሥታ መስኮት ትዘጋለች፤ እሳት ትቆሰቁሳለች። ራሳቸውን ሲያማቸው ምች ነው ተባለ። በኋላ ጉሙ በቀንም የማይለቅ ሲሆን ጸበል ወሰድናቸው።

ዛሬ ይህን ብቻ ነው የምጽፈው።

ነሐሴ 24፣ ሌሊት

በሥርዓት ልጻፍ።

የንስሐ አባታችን አባ ሕሩይ ለማታ ጸሎት መጥተው ነበር። ሲጨርሱ «እስቲ ያን መሣሪያህን አሳየኝ፤ መንደሩ ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነው» አሉኝ። መብራት አጥፍተን ወጣን። ጨረቃዋ ከግማሽ ትንሽ ያንሳል። አስገባኋት። እንደ ሁልጊዜው ነበረች፤ ነጭ ጥጥ፣ ባለ ቀለበት። የትናየት ቀጥላ አየች።

«ደመና ነው» አለች።

«አባ፣ ዛሬም አልሆነልንም» አልኳቸው።

«እስቲ ቢሆንም ልየው።» ጎንበስ አሉ። ጥምጥማቸው ቱቦውን ነካውና ጨረቃዋ ጠፋች፤ እንደገና አስተካከልኩላቸው። ትንፋሻቸውን ዋጥ አድርገው ቆዩ።

«እግዚኦ!» አሉ። «ፈንጣጣ ወጥቶባታል እኮ! ይህን ሁሉ ጠባሳ ይዛ ነው ስትኮራብን የኖረችው? እዩት፣ እዩት፣ ይኼ ጉድጓድ! በውስጡ ደግሞ ጉብታ!»

«አባ፣ በደመናው መካከል ይህን ያህል ከታየዎት…»

ቀና አሉ። «የምን ደመና?»

ቀና ብዬ ወደ ላይ አየሁ።

«ልጄ፣ ሰማዩ እንደ ታጠበ ሳሕን ነው። ከዋክብቱን አታያቸውም?»

ወደ የትናየት ዞርኩ። በግራዬ ቆማ ነበር። አንገቷን ደፋች። አባ ሁለታችንንም ተመለከቱና መስቀላቸውን አሳልመውን ሄዱ።

ቤት ገብተን መብራት አበራች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ቴሌስኮፑ ከመጣ ጀምሮ ሦስት ቀን ጠርቶ ነበር።»

«ስለ ሰማዩ አይደለም የጠየቅሁሽ።»

ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ከፋሲካ ጀምሮ ነው የጠረጠርኩት። ሻይ ስትቀዳ ከስኒው ዳር ታፈሳለህ። በቀኝህ ስመጣ ትደነግጣለህ። በግራህ መቆም ለመድኩ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«የመጀመሪያው ቀን እውነቱን ልነግርህ ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ፊትህን አየሁት። ደመና ነው ስልህ ተነፈስክ።» ከዚያ ድምፅዋ ተቀየረ። «አንተስ? አንተ አታውቅም ነበር?»

ተነሥቼ ደብተሬን አወጣሁ።

በሥራ ዘመኔ ሁሉ አንድ ወሬ ከሁለት ሰው ካልተረጋገጠ አላሳለፍኩም። ስለ ደመናው ሁለት ምስክር ነበረኝ። አንዱ እኔ፣ አንዱ ሚስቴ። ሁለቱም የፈሩ ነበሩ።

አሁን የቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምጽፈው። ግራውም ትንሽ ደብዝዟል። ወይም መብራቱ ነው።

ነሐሴ 25

ተኛሁ፤ ነቃሁ፤ ሁሉም ጥርት ብሎ ይታያል። በዚህ አልታለልም።

ነሐሴ 26

ዳባት ሄድን። እስከዚያ ድረስ መኪና አለ። ኬላ ላይ አወረዱን፤ ፈተሹን፤ አለፍን። የትናየት ወደ ሆስፒታሉ አስቀድማ ደውላ ነበር። ፋንታዬ የምትባል የዓይን ነርስ አየችኝ፤ ወጣት ናት፤ ስትናገር አትቸኩልም።

መብራት እያበራች መረመረችኝ። አገጬን መሣሪያ ላይ አሳርፋ ለረጅም ጊዜ ተመለከተች። ከጎን ጣቷን እያመጣች «አሁን? አሁንስ?» አለችኝ። በግራ ዓይኔ ቶሎ ቶሎ መለስኩ። በቀኝ ሲሆን «አሁንስ?» የሚለውን ብዙ ጊዜ አለች።

«የሚብስብዎት መቼ ነው?»

«ማታ።»

«መብራት ዙሪያ ቀለም ያያሉ? እንደ ቀስተ ደመና?»

«አያለሁ።» የትናየት ዞራ አየችኝ። ይህን ለእሷም አልነገርኳትም ነበር።

«ከቤተሰብ ዓይኑን ያጣ ሰው አለ?»

«አባቴ። ምች ነው ተብሎ…»

አልሳቀችም። ወረቀት ላይ ዓይን ሣለችልኝ። ዓይን ውስጥ ፈሳሽ አለ፤ የሚወጣበት ጠባብ መንገድ አለው። የእኔ ሲፈጠርም በጣም ጠባብ ነው። ጨለማ ውስጥ ብሌኑ ሲሰፋ መንገዱ ይደፈናል፤ የዓይን ግፊት ይነሣል። ስተኛ ብሌኑ ይጠብባል፤ መንገዱ ይከፈታል። ጠዋት ደህና የምሆነው ለዚህ ነው።

«ቀኝዎ ከጎን በኩል የጠፋ ነገር አለው። እሱ አይመለስም፤ የቀረውን ነው የምናተርፈው። ግራዎ ገና ብዙ አልተጎዳም። ጎንደር በሌዘር ትንሽ መተንፈሻ ያበጁለታል፤ ብዙ ጊዜ የሚወስድ ሥራ አይደለም። ግን ቶሎ ነው ጋሼ።»

«ቶሎ ማለት?»

«ግፊቱ በኃይል የተነሣ ቀን ባጭር ጊዜ ሊያጠፋው ይችላል።»

«መንገዱ ዝግ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ጠብታ ሰጠችኝ። ጨለማ ውስጥ አይቀመጡ፤ መብራት አያጥፉ አለችኝ። እኔም ለመውጣት ከተነሣሁ በኋላ «ጳጉሜ 2 የጨረቃ ግርዶሽ አለ፤ ጥቂት ደቂቃ እንኳን…» አልኳት። የምቀልድ መስሏት ፈገግ አለች። የትናየት ግን እንደማልቀልድ ገብቷታል፤ ክንዴን ይዛ አወጣችኝ።

ክረምቱን ሙሉ መብራት እያጠፋሁ ጨለማ ውስጥ ስጠብቅ የከረምኩት እኔው ነኝ።

ነሐሴ 29

ጠብታ። መብራት። እንደ ሕፃን መብራት በርቶልኝ ነው የምተኛው።

ቀኝ ዓይኔን ጨፍኜ ግራውን እፈትነዋለሁ፤ በር፣ መስኮት፣ ሰዓት፣ የየትናየት ፊት። በቀን ስንት ጊዜ እንደማደርገው አላውቅም። ዛሬ ወጥ እያማሰለች «ተው ይግዛው፤ ሰርቆ እንደሚሄድ ሰው አትየኝ» አለች።

ጳጉሜ 1

ማንያዘዋል ደወለ። የዳባት ልጅ ነው፤ ሚኒባስ አለው። ጳጉሜ 4 ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መኪኖች ተሰባስበው በአጀብ ወደ ጎንደር ይወጣሉ፤ ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚፈቀድ አይታወቅም አለኝ።

«ሰው ደህና ይደርሳል?»

«ጋሼ፣ እኔ መኪናዬን ይዤ ነው የምገባው። ከዚህ በላይ ምን ልበልዎት?»

ሐቀኛ መልስ ነው። አላረጋጋኝም።

ለየትናየት ብቻዬን እሄዳለሁ አልኳት።

«ማን ፈቅዶልህ?»

«ስለ ተቃጠለው ሚኒባስ ሰምተሻል። አንዳችን እንኳን እንትረፍ።»

«በቀኝህ የሚመጣውን ማን ያይልሃል?»

«ማንያዘዋል አለ።»

«ማንያዘዋል መሪ ይያዝ ወይስ አንተን?»

ተጣላን። በተጋባን ዘመን ሁሉ እንዲህ ጮኸን አናውቅም። ለግድግዳው የተገዛው ኖራ በር ሥር በከረጢቱ ተቀምጧል። ማንም አልነካውም።

ጳጉሜ 2፣ እሑድ

ጠዋት ጠራ። እኩለ ቀን ላይ ደመና፤ ከሰዓት በኋላ እንደገና ጠራ። የትናየት «እኔ አይልሃለሁ» አለች። ከትናንት ወዲህ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ቃል ነው።

ማታ፦

ቴሌስኮፑን ገና ሳይመሽ ከበሩ ፊት ተከልኩላት። ሙሉ ጨረቃ ከስሜን ተራሮች በላይ ወጣች፤ እንዴት እንደምትከተላት አሳየኋትና ገባሁ። እኔ ከበሩ ወዲህ፣ መብራት ሥር፣ ጀርባዬን ለደጁ ሰጥቼ፣ እስክሪብቶ ይዤ። እሷ በውጭ።

«የምታዪውን ብቻ ንገሪኝ። አንዲት ቃል እንዳትጨምሪ፤ እንዳትቀንሺ።»

«እሺ፣ ጌታው።»

ያለችው እንዲህ ነው፦

«ሙሉ ናት። ዓይን ትወጋለች። አባ ያሉት ጠባሳ በደንብ ይታያል።»

አንድ ሰዓት ተኩል ግድም፦ «ከላይ ጥግዋ ላይ ጠቆረች። ጥቀርሻ የነካት ይመስላል።» (ቴሌስኮፑ ስለሚገለብጥ፣ በእውነቱ ከታች ነው።)

«ጥቁረቱ ጠርዙ ክብ ነው። ቀጥ ያለ አይደለም።»

«የምድር ጥላ ነው» አልኳት።

«የእኛ?»

«የእኛ።»

«ይቺ ምድር ክብ መሆኗን ለልጆች ሳስተምር ኖሬ ዛሬ ገና አየኋት» አለች።

ሁለት ሰዓት፦ «ግማሽዋ ሄደ። የሄደው ግን አልጠፋም፤ እንደ ሸክላ ቀልቷል። በርበሬ ነገር።»

ሁሉንም ጻፍኩ። ዞር ብዬ አንድ ጊዜ ባይ ምን ይሆናል? ሁለት ጊዜ ከወንበሬ ተነሣሁ። ሁለቱንም ጊዜ «ተቀመጥ» አለችኝ፤ ሳታየኝ።

ሙሉ በሙሉ ልትጋረድ ቀጭን ፍንጣሪ ብቻ ሲቀራት የትናየት ዝም አለች።

«እ? ምን ሆነ?»

«ደመና ነው» አለች።

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ያንኑ ቃል፣ በዚያው ድምፅ። ጨረቃዋ እያማረች ሄዳ፣ እኔ እንዳልቆጭ ብላ ይሆናል። ወይም እንዳልወጣ ፈርታ። ወይም እውነቷን ነው። ከወንበሬ ሆኜ ማወቅ አልቻልኩም። በእኔና በእሷ መካከል ያለው አንድ በር ብቻ ነው፤ ፍርሃቴ ግን ከጎንደር መንገድ የበለጠ ነበር። ዓይኔ ቢጠፋ ኑሮዬ ይኸው ነው፤ ሰው የነገረኝን ይዤ መቀመጥ።

«እውነትሽን ነው?»

ስትገባ ኮቴዋን ሰማሁ። እጄን ያዘችና ከወንበሬ አስነሣችኝ፤ በግራዬ ቆማ ክንዴን ከበሩ ውጭ ዘረጋችው።

መዳፌ ላይ ዝናብ ወረደ። አንድ ጠብታ፣ ሌላ፣ ከዚያ በኃይል።

«ጻፍ እንግዲህ» አለች።

ቱቦውን በጋቢ ጠቅልለን አስገባነው።

ጳጉሜ 3

የሩፋኤል ዕለት። ትናንት ማታ የጀመረው ዝናብ አላባራም። ዛሬ ሰማይ የሚከፈትበት ቀን ነው ይባላል፤ የዛሬ ዝናብ ጸበል ነው። ጎረቤቶቻችን ሁሉ ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ይጠመቃሉ፤ ሕፃናቱ ይጮኻሉ። የጦቢትን ዓይን ያበራው ሩፋኤል ነው፤ የትናየት ይህን አላነሣችውም፤ እኔም አላነሣሁትም። ወጥቼ ቆምኩ። ሁለቱንም ዓይኖቼን ከፍቼ ወደ ላይ አየሁ። ቀዝቃዛ ነበር። አጠገቤ ቆማ ነበር፤ ነጠላዋ ረጥቦ ከራሷ ጋር ተጣብቋል።

«ሌዘሩንስ?» አለች።

«ሁለቱንም» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ኦምሪ ደወለ፤ እሱም ግርዶሹን አይቷል። «አየህ ጋሼ?» አለኝ። የትናየት የነገረችኝን ከጻፍኩት ላይ አነበብኩለት። «ልክ እንደዚያ ነበር» አለ። «ልክ!» ሁለተኛ ምስክር።

ማንያዘዋል ዛሬ ሁለት ጊዜ ደውሏል። አጀቡ ነገ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይወጣል፤ አልተቀየረም። ለእኔ አንድ ወንበር ይዞልኛል። ሌላ አንድ ቀርቶታል፤ የሚፈልጉት ብዙ ናቸው። እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት ካልነገርኩት ለሌላ ይሰጠዋል።

የትናየት ሁለት ቦርሳ አዘጋጅታ በሩ አጠገብ፣ ከኖራው ጎን፣ አስቀምጣለች። መብራቱን አብርታ በግራዬ ተቀምጣለች።

አሁን አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኗል። ስልኩ በእጄ ነው።